ግራ እግር፣ አንድ ሴንቲ

29ኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ

ደብተሩን ገልብጬ ከኋላው ጀመርኩ። ከፊት በኩል የደንበኞች ልክ ነው፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ቁመት። ለራሴ ሌላ ደብተር እገዛለሁ ስል ሦስት ቀን አለፈ። ሆዴ ውስጥ ያለው አንድ እንግዳ ይበቃኛል፣ ሌላ ነገር ማሳደር አልችልም።

አልትራሳውንድ ነበረን። ሐኪሟ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ስታመላልሰው ያኔውኑ ገባኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው አንድ ቦታ ደጋግሞ የሚለካው ልኩ አልገጥም ሲለው እንደሆነ አውቃለሁ። «ግራ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሯል። ቆልማማ እግር እንለዋለን። ከተወለደ በኋላ በየሳምንቱ በጀሶ እየታሰረ ቀስ በቀስ ይቃናል፤ ከዚያ ጥቂት ዓመት ልዩ ጫማ ያደርጋል» አለች። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ወንድ ነው። «እናንተ ያጠፋችሁት ነገር የለም» ብላ ጨመረች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዚያ ቅጽ አወጣች። «ከሁለታችሁ ቤተሰብ እንዲህ ሆኖ የተወለደ ሰው አለ?» እኔ የእናቴን ዘር በሐሳቤ እየቆጠርኩ ሳለ ባሌ «የለም» አለ። ቶሎ ነው ያለው። የኔንም አብሮ መለሰልኝ።

በመንገድ ላይ ስለ ዝናቡ አወራን።

29ኛ፣ ዓርብ

ባሌ «ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ» ብሎ ነገሩን ሲያጓትት ጊዜ እኔው ደወልኩላቸው። አማቴ መጀመሪያ የጠየቁኝ «የትኛው እግሩ ነው?» ብለው ነው። ግራው ነው ስላቸው ዝም አሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «እማማ?» አልኩ። ከዚያ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ።

የትኛውም ቢሆን ምን ለውጥ አለው? ሰው የሚለው ሲጠፋው የመጣለትን ይጠይቃል።

30ኛ፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

ቸኩያለሁ። ሱቃችን ውስጥ አምስት የስፌት መኪና አለ። ከጎኔ ያለችው፣ የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው ሴትዮ፣ ነገሩን ከየት እንደሰማችው እንጃ። ለወዲያኛዋ ስታወራ ጆሮዬ ጥልቅ አለ፦ «ቀኑን ሙሉ ፔዳል እየረገጠች ልጁ እንዴት ይቃና? ያውም በግራዋ ነው የምትረግጠው።»

በግራዬ ነው የምረግጠው።

30ኛ፣ ሰኞ ማታ

ሐኪሟ ያጠፋችሁት የለም ብላለች። ግን ሐኪሟ እኔ ስሠራ አላየችም። ትእዛዝ በበዛበት ሰሞን ሆዴ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እየተጋፋ እረግጥ ነበር። ድካም ሲሰማኝ «ይቺን እጅጌ ልጨርስ» እያልኩ። ስንት እጅጌ ነው የጨረስኩት? አለቃችን ጠንካራ ሲለኝ ደስ እያለኝ።

ባሌ ከሥራ ሲገባ ጠበቅኩትና «ፔዳሉ ይሆን?» አልኩት። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ጫማውን ማውለቅ ነው። አንዱን አውልቆ ቀና አለ፣ እንደገና አጎነበሰ። «ሐኪሟ ያለችሽን ስሚ» አለ።

«አይደለም» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ አምነው ነበር።

31ኛ፣ ረቡዕ

ፔዳል ከእንግዲህ አልነካም። ለአለቃችን እስክወልድ መቁረጥና መዘምዘም ብቻ እንደምሠራ ነገርኩት። የእንግዳዬን ልብስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ እሰፋለሁ። ባጠፋሁበት እግር አልሰፋለትም።

32ኛ፣ ቅዳሜ

የአውቶቡስ ድርጅቱ የዓመቱን የደንብ ልብስ ጨርቅ ሰጠ። የባሌን ሱሪ ቆረጥኩ፤ መስፋቱን ለባለ ቁልፍ ቀዳዳዋ ሰጠኋት፣ ወሬዋ ባይጥመኝም ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። ከመቁረጤ በፊት ልኩን እንደ አዲስ ወስጄ ነበር። ያው ነው፤ ግራ እግሩ በአንድ ሴንቲ ያጥራል፣ ግራ ባቱ ከቀኙ በሦስት ሴንቲ ይቀጥናል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንድ ሕግ ነበራቸው። «እኩል ሆኖ የተፈጠረ ሰው የለም፤ ልዩነቱን ጽፈሽ በመቀስሽ አስተካክዪ፣ ለባለቤቱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» ይሉኝ ነበር። ከልኩ ግርጌ «አይነገር» ብለን እንጽፋለን። ትከሻው የተዛነፈ ሰው ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ይቆምና ደስ ብሎት ይሄዳል። ባሌም መጀመሪያ ደንበኛዬ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ግራውን በአንድ ሴንቲ አሳጥራለሁ፤ እሱ አንድ ቀን አልጠየቀኝም፣ እኔም አንድ ቀን አላነሳሁበትም። ጥሩ ሰፊ ማለት ይኸው ነው።

ባቱን «ክላች ነው ያቀጠነው» ይላል። ክላች የሚረግጥ እግር መወፈር ነበረበት፤ ግን እኔ ስለ መኪና ምን አውቃለሁ። ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ያለችው ጠባሳ የልጅነት ብስክሌቱ ሰንሰለት ናት።

ከእንግዲህ እስክወልድ ድረስ የማንንም ልክ አልወስድም። የመጨረሻው ገጽ የሱ ሆነ።

34ኛ፣ ሐሙስ

ሰባተኛውን ቀሚስ ጨረስኩ። ነጭ ፍላኔል፣ አንገቱ ላይ ስስ ጠለፋ። ከታች ግን ክፍት አይደለም፤ እንደ ከረጢት ዘግቼ ማሰሪያ አስገባሁበት፣ ሦስት ቦታ ይቋጠራል። እግሩን እንዳይበርደው ነው።

ባሌ አንስቶ አገላበጠው። «ከታች ለምን ዘጋሽው?»

«ብርድ ነው።»

«እስኪወለድ እኮ ክረምቱ ይወጣል።»

ሰው ሲደክመው ነገር ይፈልጋል። ወደ ጠለፋዬ ተመለስኩ። ከዚያ እጄን ያዘና ጣቶቼን አየ። መርፌው አመልካች ጣቴን በሳስቶታል፣ አውራ ጣቴም አብጧል። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ። በኋላ ግን ውሃ ልቅዳ ብሎ ወጣ። ውሃው ሞልቶ ነበር።

ቀሚሱ ከታች እንዲህ ከተዘጋ የላይኛዋ ጎረቤቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሕፃኑን ሳልሳቀቅ ብድግ አድርጌ አሳያታለሁ። ፊቱን ታያለች፣ እጁን ታያለች። ሌላ ምን ትፈልጋለች?

36ኛ፣ ማክሰኞ

የጀሶ ክፍሏን ሲስተር አስቀድሜ አነጋገርኳት። እጇ እስከ ክርኗ ነጭ ነው፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ቀልድ አታውቅም። የምትለውን በጥድፊያ ጻፍኩ፦

ሱሪው ሰፊ፣ ጎኑ ክፍት። የጀሶው ጠርዝ ጭኑን እንዳይልጠው ለስላሳ ጨርቅ። ከእግሩ ሥር ትንሽ ትራስ። ገላ መታጠብ የለም፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ። ዳይፐሩ ከጀሶው በላይ ጠበቅ ብሎ ይታሰር፣ ሽንት ጀሶ ውስጥ ከገባ አይደርቅም። በኋላ ለጫማው ጊዜ ረጃጅም የጥጥ ካልሲ።

«ከሁሉም በላይ ጣቶቹ ሁልጊዜ ይታዩ» አለችኝ። «አውራ ጣቱን ጫን ስታደርጊው ይነጣል፣ ስትለቂው ደም ይመለሳል። ካልተመለሰ፣ ወይም ጀሶው ተንሸራቶ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ከገቡ፣ ሰዓት አትዪ፣ አምጪው።»

ስለ ቀሚሶቹ አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝማ። ቋጠሮውን እየፈታሁ አያለሁ፣ አለቀ።

ለባሌም ምንም አልነገርኩትም። ስለ እግሩ ሳነሳ ብድግ ብሎ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ልጁ ያሳፍረው ይሆን ብዬ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ወይ እኔ።

39ኛ፣ ረቡዕ

ምጥ። ቦርሳው ዝግጁ ነው፤ አሥራ አንድ ቀሚስ፣ ትራሷ፣ ጨርቆቹ። ባሌ የቤት ቁልፍ ጠፋበት። አውቶቡስ የሚያህል ነገር የሚነዳ ሰው ቁልፍ ጠፋበት። ኪሱ ውስጥ ነው።

2ኛ ቀን

መጣ። ጸጉሩ ብዙ ነው። የግራ ውስጥ እግሩ ወደ ቀኙ ዞሮ ያያል፣ ሚስጥር ሊነግረው የፈለገ ይመስል። ሳምኩት። እፈራዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልፈራሁትም። ከዚያ ሸፈንኩት።

ባሌ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያቺን እግር መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ ቆየ። እንባው ሲወርድ አይቻለሁ። ምን እንደሚያስብ አልጠየቅኩትም። የምሰማውን ፈርቼ ነው።

8ኛ ቀን

የመጀመሪያው ጀሶ፣ ከጣቱ ሥር እስከ ጭኑ። እንግዳዬ አለቀሰ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። ብቻዬን ነበርኩ። ባሌ እስከ በሩ አድርሶን «የጀሶ ሽታ አይስማማኝም፣ ተራዬም ደርሷል» ብሎ ሄደ። ሽታውን ከየት አወቀው? ቤት ሲለሰን ይሆናል።

የማልክደው ነገር፣ አማቴ መጥተው እጅግ ረድተውኛል። ዳይፐሩን ጀሶው ሳይነካ በሁለት እጥፍ ሲያስሩት፣ ትራሷን ከተረከዙ ሳይሆን ከባቱ ሥር ሲያስገቡ፣ ሲስተሯ እንኳ እንዲያ አትቀላጠፍም። ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው፣ ምን ይደንቃል።

12ኛ ቀን

ሳጠባ ከወጥ ቤት ሰማኋቸው።

«እስከ መቼ?»

«እማዬ፣ ተይኝ።»

«መርፌው ሲበላት እያየህ?»

«ገና አራስ ናት። ትረፍ።»

ስገባ ዝም አሉ። ወደ ሥራ እንዳልመለስ የፈለጉ መሰለኝ። በፊቴ ቢሉኝ ምን ነበረበት?

15ኛ ቀን

ሁለተኛው ጀሶ። ክሊኒክ በብርድ ልብስ ብቻ ጠቅልዬ ነው የምወስደው። ሲስተሯ ቀሚሱን አይታ አስተያየት እንድትሰጥ አልፈልግም። አማቴ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሲሰናበቱ አቅፈውኝ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም ልጄ» አሉኝ። ሁሉም ሰው ሳልጠይቀው ይህን ይለኛል። ያጠፋ ሰው መልክ ቢኖረኝ ነው።

18ኛ ቀን

ይነጫነጫል። ጡቱን ይዞ ይለቃል። ሆዱን ይሆናል። ጎረቤቶች መጥተዋል፣ ይቀመጣሉ። በኋላ

19ኛ ቀን

እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ትናንት የላይኛዋ ጎረቤቴ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣችና ከምሳ እስከ ማታ ተቀመጡ። ሦስቱ ቋጠሮ ጠዋት እንዳሰርኩት ነበር። ሕፃኑ ሲያለቅስ አንዷ «ሆዱን እሺው» ትላለች፣ አንዷ «አቅፈሽ ዙሪ» ትላለች፤ እኔም አቅፌው እዞራለሁ። ልፈታውና ላየው ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እነሱ ፊት ግን አልፈታሁትም። ብርድ አልነበረም። ክረምቱ ወጥቷል። እግሩን እንዳያዩብኝ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሴቶቹ እንደወጡ ባሌ ገባ። ተራውን ጨርሶ አውቶቡሱን ወደ ጋራዥ ሲመልስ እግረ መንገዱን ደጃችን ላይ አቁሞ ሕፃኑን ያያል፤ ክልክል ነው፣ ግን ያደርገዋል። ለቅሶውን ከበሩ ሰማ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት። ሆዱን ነው።»

ከክንዴ ወሰደው። ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ፤ እኔ ያሰርኩት ነገር በዋዛ አይፈታም። በሁለት እጁ ይዞ ቀደደው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስፌቴ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጀሶው ወደ ታች ተንሸራቷል። አምስት ጣቶች መታየት በነበረባቸው ቦታ የአውራ ጣቱ ጫፍ ብቻ ወጥታለች፤ እሷም ጠቁራለች። ባሌ ጫን አደረጋት፣ ለቀቃት፣ አጎንብሶ አየ። ደገመው።

«ደም አይመለስም። እግሩ ወደ ውስጥ ገብቷል። ተነሺ።»

ሌላ መኪና አልጠበቅንም። ሃምሳ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ውስጥ ሦስታችን ብቻ፣ እኔ ከሾፌሩ ጀርባ ሕፃኑን ታቅፌ። በየፌርማታው ሰው እጁን ያነሳል፣ እኛ ጥለነው እናልፋለን፣ ከኋላ ይሰድቡናል። ጣቷን እየተጫንኩ ነበር። ነጭም አትሆንም፣ ቀይም አትሆንም። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሲስተሯ ክፍሉን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ነበር። ባሌ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሲስተሯ ጀሶውን እያራሰች ሰነጠቀችው። እግሩ አብጦ፣ የጀሶው ጠርዝ ምልክት ጥሎበት ወጣ። ሦስታችንም ያቺን ትንሽ እግር እናያለን። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ቀስ እያለች ቀላች። ሲስተሯ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ያኔ እሷም ፈርታ እንደነበር ገባኝ።

«ቢያድር ኖሮ...» አለችና ተወችው። «ማን ነው ያየው?»

«እኔ» አለ ባሌ።

«መጫኑን ማን አሳየዎት?»

እኔ እንዳልነገርኩት ልናገር ነበር። እሱ ቀደመኝ።

«እኔን እንዲህ ነበር የሚጫኑኝ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ግራ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። ሰባት ዓመት ያየኋት እግር ናት። ሲስተሯ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ባቱን በእጇ ለካችው፣ ምንም አልደነቃትም። «ሐኪሞችዎ ጥሩ አድርገው ሠርተዋታል» አለች።

«ቅጹ ላይ በቤተሰብ የለም የሚል አለ። ያርሙልኝ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ብስክሌት ኖሮኝ አያውቅም።»

ስንመለስ በባዶው አውቶቡስ ውስጥ ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። «ፔዳሉ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ሰምተኸኛል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጣቴን ስወጋ አይተኸኛል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «አንዴ የለም ካልኩ በኋላ በየቀኑ እየከበደኝ ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጠማማው እያለ ነው ያሳደገኝ። በዓለም ላይ ያላየሽብኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። እንደዚያው እንድትቆዪ ፈልጌ ነው።»

«አንድ ሴንቲ» አልኩት።

«ምን?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ የግራ ሱሪህን በአንድ ሴንቲ አሳጥራለሁ። ባቱ ላይ ደግሞ በሦስት ሴንቲ አጠብባለሁ።»

ፍሬን ያዘ። መሐል መንገድ ላይ። ከኋላ የመጣ መኪና ክላክስ እያደረገ አለፈን። እንግዳዬ ተኝቶ ነበር።

20ኛ ቀን

ተቆጥቻለሁ። ዛሬም ተቆጥቻለሁ፤ ምሳውን ሰጥቼው ፊቴን አዞርኩ። አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሌለብኝ ጥፋት ራሴን ሳርድ ዝም ብሎ ያየ ሰው ነው። ሁሉም የሱ ጥፋት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ግን ቀሚሶቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሲስተሯ ጣቶቹ ይታዩ ብላ በገዛ እጄ ያስጻፈችኝን ገጽ ገልጬ አነበብኩት። የሱ «የለም» እኔን ጎዳኝ። የኔ ቋጠሮ እግሩን ሊያሳጣው ነበር።

እሱ ዝም አለ፣ እኔ ሸፈንኩ። ጥሩ ሰፊ ነኝ ብዬ ጽፌ ነበር እዚህ ደብተር ላይ።

22ኛ ቀን

አዲስ ጀሶ ታሰረ። ባሌ እስከ ውስጥ ገባ፤ ሲስተሯ ስትጠመጥም እግሩን የያዘው እሱ ነው። ላብ አጥምቆታል፣ ግን አልለቀቀም።

ቤት ስንደርስ ቀሚሶቹን አወጣሁ። አንዱን እሱ ቀዶታል፣ አሥር ቀርተዋል። መቀሴን ይዤ የሁሉንም ግርጌ ቆረጥኩ። ከዚያ ወደ ሱቅ ሄድኩና መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ጠርዛቸውን ዘመዘምኩ፣ በግራ እግሬ እየረገጥኩ። ባለ ቁልፍ ቀዳዳዋ አየችኝ። «በዚህ እግር የመጣ ነገር የለም» አልኳት፣ «ከአባቱ ነው የወረሰው፣ ጸጉሩንም ጭምር።» ክሯን ማስገባት አቅቷት ስትደናበር ዋለች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ማታ የላይኛዋ ጎረቤቴ ብቅ አለች። አምስቱ ጣቶች ከጀሶው ጫፍ ወጥተው ይታያሉ። «እግሩ ምን ሆኖ ነው?» አለች። አፌን ከመክፈቴ በፊት ባሌ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። «እንደኔ» አላት። አየችው፣ ሕፃኑን አየችው፣ ከዚያ «ሁለታችሁም ታምራላችሁ» ብላ ተቀመጠች። ይህን ነበር ስፈራ የከረምኩት።

ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም። ስናወራ ግን ስለ ዝናብ አናወራም።

ከኋላ የጀመርኩት ጽሑፍ ከፊት ከጀመረው ልክ ጋር ተገናኘ፤ ሌላ ባዶ ገጽ የለም። ከዚህ ፊት ለፊት ያለው ገጽ የሱ ነው፤ ግራ እግር አንድ ሴንቲ ያጥራል፣ ግራ ባት ሦስት ሴንቲ ይቀጥናል፣ አይነገር። «አይነገር» የምትለዋን ቃል በመስመር ሰረዝኳት። በግርጌው የቀረች ትንሽ ቦታ ላይ የእንግዳዬን ልክ ጻፍኩ። ሜትሩን እየያዘልኝ ያለው አባቱ ነው።

ቁመት ሃምሳ አራት። ደረት ሠላሳ ስድስት። ቀኝ የእግር መዳፍ ስምንት። ግራ፣ ሲስተሯ ጀሶውን ስትፈታ እንደለካችው፣ ሰባት ተኩል።

ይነገር።